ሙያ በመስኮት ሲታይ
በቴሌቪዥን የምግብ ሥራ ስለሚያስተምሩ ባለሙያዎችና በአቃቂ ስላየነው ነገር

የቀድሞ ሰዎች «ሙያ በልብ ነው» ይሉ ነበር። ይህ ቃል ሰውን ከመታበይ የሚጠብቅ መልካም ምክር ነው፤ ነገር ግን በማድ ቤት በኩል ስንመለከተው አንድ ጉዳት አለበት። በልብ ብቻ የተቀመጠ ሙያ ባለቤቱ ባረፈ ቀን አብሮ ይቀበራልና። ዛሬ ለቤተሰብ ገጻችን አንባቢዎች ልናቀርብ ያሰብነው ነገር ይህንኑ የሚመለከት ነው። ይኸውም በየቤታችን በሚገኘው የቴሌቪዥን መስኮት እየቀረቡ የምግብ ሥራ ስለሚያስተምሩ ሰዎች፥ ትምህርታቸውም ስለሚሰጠው ጥቅምና ስለሚጎድለው ነገር ነው።

አስቀድመን የነገሩን መነሻ እንናገር። የምግብ ሥራን በቴሌቪዥን በማሳየት ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ማርሴል ቡለስተን የተባለው ፈረንሳዊ ነው። እርሱም በሎንዶን ከተማ ምግብ ቤት የነበረው ሰው ሲሆን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 በጥር ወር በቢ ቢ ሲ ቴሌቪዥን ቀርቦ የእንቁላል ጥብስ አሠራር አሳየ። ከጦርነቱም በኋላ በ1946 በእንግሊዝ አገር ፊልጶስ ሃርበን፥ በአሜሪካ ደግሞ ጄምስ ቢርድ ይህንኑ ሥራ ቀጠሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ስሟ የገነነው ግን አሜሪካዊቱ ጁልያ ቻይልድ ናት። ይህች ሴት በፓሪስ ከተማ የምግብ ሥራ ትምህርት ቤት የገባችው በ37 ዓመት ዕድሜዋ ነበር። በ1961 ከሁለት ባልንጀሮቿ ጋራ ስለ ፈረንሳይ ምግብ መጽሐፍ አሳተመች፤ መጽሐፉንም ለማስተዋወቅ በቦስተን ከተማ ቴሌቪዥን ቀርባ እንቁላል ጠብሳ ብታሳይ፥ ተመልካቾች ዳግመኛ እንድትመጣ እየለመኑ ደብዳቤ ጻፉ። ስለዚህ ከ1963 ጀምሮ የራሷ ሰዓት ተሰጣት። አንድ ቀን የድንች ቂጣ ስትገለብጥ ከመጥበሻው ውጭ ቢፈስባት ሳትደነግጥ ሰብስባ መለሰችው፤ ሰዎችም ይህን አይተው ይበልጥ ወደዷት። ስሕተቱን የማይሸሽግ መምህር ደቀ መዝሙሩን አያስፈራምና። ማድ ቤቷም ከነዕቃው ተነሥቶ በዋሽንግተን ከተማ ቤተ መዘክር ለሕዝብ እንዲታይ ተደርጓል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ከቴሌቪዥን በፊት ለምግብ ሥራ ትምህርት ቤት አልነበረንም ማለት አይቻልም፤ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ትምህርት ቤት ነበርና። እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. ለእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ያደረጉት ግብር በታሪክ የሚነገር ነው። በእንጀራ ቤት፥ በወጥ ቤትና በጠጅ ቤት ተከፍለው የሚሠሩት ሴቶች ሙያውን ከታላላቆቻቸው እየተቀበሉ ለታናናሾቻቸው ያስተላልፉ ነበር። እቴጌይቱ ከዚያም በኋላ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴል ከፍተው የውጭ አገር ምግብ ለአገራችን ሰው አሳይተዋል።

በእኛ ዘመን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሲበዙ የምግብ ሥራ ትምህርትም በዛ። ብዙ ሰዎች ወድደው ከሚያዩአቸው መካከል በኢ ቢ ኤስ ቴሌቪዥን የቀረበው የጆርዳና ኩሽና አንዱ ነው። ኩሽና የሚለው ቃል ራሱ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ከቃሉም ጋራ መኮሮኒውና ፎርኖው አብሮ ገብቶ በቤታችን ለምዶ ቀርቷል። ሁለተኛው ባለሙያ ሼፍ ዮሐንስ ገብረ ኢየሱስ ነው። እርሱ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ በፖል ቦኩዝ ስም በተጠራው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ምግብ ቤት አቁሞአል፤ በቴሌቪዥንም በየሳምንቱ እየቀረበ አስተምሯል። በ2018 በፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ምግብ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትሟል።

እዚህ ላይ አንዳንድ አባቶች «ወንድ ልጅ ማማሰያ ይዞ በአደባባይ ሲታይ ነውር አይደለምን?» ሲሉ ሰምተናል። ለእነዚህ የምንመልሰው አጭር ነው። መነኮሳት በገዳም ምግባቸውን የሚያሰናዱት በገዛ እጃቸው ነው። ከሁሉ የከበረውም የቁርባን ኅብስት በቤተ ልሔም የሚጋገረው በካህናትና በዲያቆናት እጅ ነው። እንግዲህ በመቅደስ ያልተነወረ ሥራ በማድ ቤት እንዴት ይነወራል?

በውጭ አገር ስሙ የታወቀው መርከስ ሳሙኤልሰንም የዚህ ምስክር ነው። በኢትዮጵያ ተወልዶ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስለ ሞተችበት በስዊድን አገር በማደጎ አደገ። በ2009 በዋሽንግተን ቤተ መንግሥት ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የተደረገውን ግብዣ አሰናዳ፤ በ2010 ደግሞ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በተደረገው የባለሙያዎች ውድድር አሸነፈ። ነገር ግን ይህ ሰው የሙያውን መሠረት ያገኘው ከቴሌቪዥን አይደለም፤ ከአሳዳጊ አያቱ ምድጃ አጠገብ ቆሞ ነው። ወደ ዋናው ነገራችን የሚያደርሰንም ይህ ነው።

አቃቂ በ1927 ዓ.ም. በተከፈተው የራዲዮ ጣቢያዋ የኢትዮጵያን ድምፅ ለዓለም ያሰማች ስፍራ ናት። በዚህች በአቃቂ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ጋበዙን። ባለቤታቸው ገና ወጣት፥ የተማሩና በሥራ የሚውሉ ሴት ናቸው፤ የምግብ ሥራንም የተማሩት በቴሌቪዥን ነው። በዚያው ቤት የወዳጃችን እናት ይኖራሉ፤ እርሳቸውም በሙያቸው በሰፈሩ የታወቁ ሲሆኑ ዓይናቸው ስለ ደከመ ከምድጃው ርቀዋል።

ዶሮው ቀረበ። መልኩ ያማረ ነበር፤ ሲቀመስ ግን ሽንኩርቱ አልበሰለም፥ መረቁም ከቁሌቱ ተለይቶ ለብቻው ወረደ። እንግዶች ሁሉ እንደ ወጉ አመስግነው በሉ፤ አሮጊቷም እናት ምንም አላሉም። ሰው ከተበተነ በኋላ ወይዘሮዋ በማድ ቤት ሲያለቅሱ ተገኙ። «መስኮቱ እንዳዘዘኝ ደቂቃውን ቆጥሬ ሠራሁ። እማማ፥ እርስዎ ሁሉን እየሰሙ ስለ ምን ዝም አሉኝ?» አሏቸው። እናትየዋም ያለ ቁጣ፥ «ልጄ፥ ስትጠይቂ የነበረው መስኮቱን ነው እንጂ እኔን አልነበረም» ብለው መለሱ።

እኛም በፍርድ ቤት የሰው ቃል ስንጽፍ የምንውል ነንና ይህ ንግግር ከብዙ ክርክር ይልቅ ከበደን። ምራቲቱ አልበደሉም፤ አማቲቱም አልበደሉም፤ በሁለቱ መካከል የሚጠይቅ አፍ ብቻ ጠፍቶ ነበር። እናትየዋ ወደ እኛ ዘወር ብለው፥ «እናንተ ጸሐፊዎች የሰውን ጠብ ትጽፋላችሁ፤ የእኔንም ወጥ አንድ ቀን ጻፉልኝ» አሉ።

በዳግም ትንሣኤ እሑድ ደብተርና ሰዓት ይዘን ሄድን። እናትየዋ ከምድጃው አጠገብ በበርጩማ ተቀመጡ፤ ምራታቸው ሠሩ፤ እኛ ጻፍን። ሽንኩርቱ ያለ ቅቤ በለዘብተኛ እሳት ሲቁላላ የወሰደው ጊዜ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። በርበሬው ከገባ በኋላም ውኃ ጠብ እየተደረገለት ብዙ ቆየ፤ ቅቤው ተከተለ። በሎሚና በጨው ታጥቦ በ12 ብልት የተከፈለው ዶሮ የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ መከለሻውና የተቀቀለው እንቁላል በመጨረሻ። እናትየዋ ዓይናቸው ባያይም የሽንኩርቱ ድምፅ ሲለወጥ «አሁን አማስዪ» ይሉ ነበር። «ጥቂት» ያሉትን በማንኪያ ብንሰፍረው ሦስት ማንኪያ ሆነ፤ «እፍኝ» ያሉትንም በሲኒ ለክተን ጻፍነው።

በዚህ ጊዜ የመስኮቱ ጉድለት ከወዴት እንደ ሆነ ተረዳን። ለትምህርቱ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ባለሙያው ጥሬውን ሽንኩርት በአንዱ ድስት ያሳያል፤ ቀድሞ የበሰለውን ደግሞ ከሌላው ድስት ያወጣል። ይህ ማታለል አይደለም፥ የሥራው ግዴታ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱ ድስቶች መካከል ያለፈው ጊዜ ለተመልካቹ አይታየውም። የእንጀራም ነገር እንዲሁ ነው። ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቈያል፤ ከዚያም አብሲት ተጥሎበት ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ይህን በግማሽ ሰዓት ሊያሳይ የሚችል ማንም የለም።

ይሁን እንጂ መስኮቱን ለመንቀፍ አንቸኩል። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» እንደሚባለው ንጽሕናንና የማዕድ አቀራረብን በሚገባ ያስተምራል፤ ልክና ሚዛንም ያስለምዳል፤ ከእናቱ ርቆ በባዕድ አገር ለሚኖር ልጅም እንደ እናት ሆኖ ያገለግላል። እኛ የምንመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የሚታየውን ትምህርት በጽሑፍ ይዞ ከመሥራት በፊት በቤት ላለ ታላቅ ማሳየት ነው። ሁለተኛ፥ ትምህርቱን ከስፍራው ጋራ ማስማማት ነው። ለምሳሌ በመስኮቱ ጥሬ ሰላጣ ሲሰናዳ እናያለን፤ በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚበቅለው አትክልት ግን የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ውኃ ይጠጣል። በቅጠሉ ላይ ያለው እድፍ በመታጠብ ይለቃል፤ ወደ ውስጥ የሠረገው የብረት መርዝ ግን በመታጠብ አይወጣም። ስለዚህ ከየት እንደ መጣ ጠይቆ መግዛት ይገባል። ሦስተኛ፥ በጾም ወራት የጾሙን፥ በፍስክ ወራት የፍስኩን ለይቶ መማር ነው፤ የማኅበርተኛ ቤት በሽሮና በምስር ሙያም ይፈተናልና።

የጀመርነውን ታሪክ ሳንፈጽም ልንለያይ አይገባም። በዚያ ክረምት በየእሑዱ እየሄድን የአልጫውን፥ የምስሩንና የቅቤ ማንጠሩን ሥራ ጻፍን። የበርበሬ ማሰናዳቱን ግን ፀሓይ ስለሚያስፈልገው ዝናሙ ሲያልፍ ለመስከረም ቀጠርነው። እናትየዋ በነሐሴ ዐረፉ። በደብተሩ ውስጥ «የበርበሬ አሰነዳድ» የሚል አርእስት በእኛ እጅ ተጽፎ ይገኛል፤ ከበታቹ ያለው ገጽ ባዶ ነው። ወይዘሮዋ ገጹን ሊቀድዱትም ሊሞሉትም አልወደዱም፤ በርበሬውንም አሁን ከሰፈሩ እናቶች እየጠየቁ ያሰናዳሉ።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ስትከፍቱ በአጠገባችሁ የተቀመጡትን እናት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ደብተርም አዘጋጁ። መስኮቱ ነገም ይከፈታል።