በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሞተር ፓተንት ያሰርዛል?

ፓተንት ለማግኘት አዲስ ነገር ይዞ መምጣት ብቻ አይበቃም። የሙያው ሰው አይቶ «ይሄማ ግልጽ ነው» የሚለው ከሆነ አይሰጥም፤ ተሰጥቶም ሊሰረዝ ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተፎካካሪውን የሬይቲዮንን የአውሮፕላን ሞተር ፓተንት ለማሰረዝ የተነሳው በዚሁ ነው። ዋና ማስረጃው እ.ኤ.አ. የ1987 የናሳ ጽሑፍ ነበር። የፓተንት ቢሮው ቦርድም ተስማማ።

እኛን የገረመን ቀጣዩ ነው። ናሳ ያሰላው ሞተር፣ ፓተንቱ ሲጠየቅ እንኳ ገና ባልነበሩ፣ ሙቀት በሚችሉ ቁሶች ላይ የተመሠረተ ነበር። በሌላ አነጋገር ማንም ሊሠራው አይችልም!

ኤፕሪል 2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የቦርዱን ውሳኔ ገለበጠው። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያ በኮምፒውተር ሞዴል አስልቶ ለማሳየት ሞክሮ ነበር፤ ያሰላው ግን ያንኑ የሐሳብ ሞተር ነው።