ቁልፍ የሌለው ጨዋታ፦ የገዛነው ሶፍትዌር የእኛ የሚሆነው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ መጽሐፍ ዛሬም ከመደርደሪያ ወርዶ ሊነበብ ይችላል። አሳታሚው ድርጅት ቢዘጋም፣ ማተሚያ ቤቱ ቢፈርስም፣ ደራሲው በሕይወት ባይኖርም መጽሐፉ አንባቢውን «ፈቃድህን አሳየኝ» ብሎ አይጠይቅም። በዚያው ዓመት በሲዲ ስለተሸጠ የኮምፒዩተር ጨዋታ ግን እንዲህ ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሲዲው ሳይጫር፣ ፋይሎቹም ሳይጎድሉ ጨዋታው «አልነሣም» ሊል ይችላል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጨዋታው ራሱ ሳይሆን በጨዋታው ላይ የተገጠመው ቁልፍ ነው።

ይህ ቁልፍ በሙያው ቋንቋ የቅጂ መከላከያ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የቅጂ መከላከያ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚያረጅ፣ ያለ መከላከያ የሚሸጡ ጨዋታዎች ከየት እንደመጡና እንዴት ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥናቸው የሚና ጨዋታዎችን ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለምን የሚና ጨዋታ?

የሚና ጨዋታ ማለት ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ በረጅም ታሪክ ውስጥ የሚጓዝበት የጨዋታ ዓይነት ነው። ገጸ ባሕርዩ በጉዞው ልምድ ያካብታል፤ ኃይሉና ችሎታው በቁጥር እየተመዘገበ ያድጋል፤ የሚወስደው ውሳኔም የታሪኩን አቅጣጫ ይለውጣል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ለመጨረስ በርካታ አሥር ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከ100 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ተጫዋቹ የደረሰበትን በፋይል አስቀምጦ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ከዓመታት በኋላም ሌላ መንገድ መርጦ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ የሚና ጨዋታ እንደ ረጅም ልብ ወለድ ሁሉ ደጋግሞ የሚጎበኝ ሥራ ነው። ዕድሜው ሲያጥር ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስት ዓይነት ምስክሮች

የቅጂ መከላከያ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህን ፕሮግራም ያስነሣው ሰው የገዛው ሰው ነውን?» ፕሮግራሙ ግን ሰውን ለይቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ ከፋይሎቹ ውጭ የሆነና በቀላሉ የማይቀዳ አንድ ነገር በምስክርነት ይጠራል። የቅጂ መከላከያ ታሪክም የእነዚህ ምስክሮች ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር ወረቀት ነበር። በ1988 የወጣው «ፑል ኦፍ ሬዲያንስ» የተባለው የሚና ጨዋታ ተደራርበው ከሚሽከረከሩ ክብ ካርቶኖች ጋር ይሸጥ ነበር። ጨዋታው እንግዳ ምልክቶችን ያሳያል፤ ተጫዋቹ ካርቶኖቹን አዙሮ ምልክቶቹን ካገጣጠመ በኋላ የሚያገኘውን ቃል ይጽፋል። ፍሎፒ ዲስክ መቅዳት የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን ካርቶኑን አስመስሎ መሥራት ግን ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ዲስኩ ራሱ ነው። ሴፍዲስክ የተባለው መከላከያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ዲስኩ በፋብሪካ ሲመረት ተራ የሲዲ መጻፊያ በትክክል ሊያባዛቸው የማይችል፣ የተበላሹ የሚመስሉ ክፍሎች ሆን ተብሎ ይቀመጡበታል። ፕሮግራሙ ሲነሣ እነዚህን ክፍሎች ለማንበብ ይሞክራል። ስሕተቱ በሚጠበቅበት ቦታ ከተገኘ ዲስኩ እውነተኛ ነው፤ ስሕተት ያልተገኘበት «ንጹሕ» ዲስክ ግን ቅጂ ነው ተብሎ ይጣላል።

ሦስተኛው ምስክር በሩቅ ያለ ሰርቨር ነው። ፕሮግራሙ የኮምፒዩተሩን ክፍሎች መለያ አሰባስቦ አሻራ የሚመስል ቁጥር ይሠራና በኢንተርኔት ይልካል። ሰርቨሩም ለዚያ ኮምፒዩተር ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ ይመልሳል። በ2008 «ማስ ኢፌክት» ለግል ኮምፒዩተር ሊወጣ ሲል አሳታሚው ጨዋታው በየ10 ቀኑ ከሰርቨር ጋር እንዲገናኝ አቅዶ ነበር። የገዢዎች ተቃውሞ ሲበረታ ዕቅዱ ተሰርዞ በምትኩ 3 ጊዜ ብቻ የሚፈቅድ ምዝገባ ተደረገ። በ2014 ሥራ ላይ የዋለውና «ድራገን ኤጅ፦ ኢንኩዊዚሽን»ን በመሰሉ ጨዋታዎች ላይ የተገጠመው የኦስትሪያው ዴኑቮም በዚሁ መሠረታዊ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

መክፈቻው የት ነው?

እነዚህ መከላከያዎች በየጊዜው የሚሰበሩት ሠሪዎቻቸው ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ምክንያቱ ከምስጠራ ሳይንስ መሠረት የሚመነጭ ነው።

በተለመደው ምስጠራ ሦስት ወገኖች አሉ፤ እነርሱም ላኪ፣ ተቀባይና በመካከል አድፍጦ የሚያዳምጥ ባላጋራ ናቸው። መክፈቻው በላኪና በተቀባይ ዘንድ ብቻ እስካለ ድረስ ምስጢሩ የተጠበቀ ነው። በጨዋታ ሽያጭ ግን ተቀባዩና ባላጋራው አንድ ሰው ይሆናሉ። ገዢው ጨዋታውን እንዲጫወት ፕሮሰሰሩ ትእዛዞቹን ተገልጠው ማግኘት አለባቸው፤ ትእዛዞቹ በገዢው ኮምፒዩተር ውስጥ ከተገለጡ ደግሞ ችሎታና ጊዜ ያለው ሰው ሊያያቸውና ሊለውጣቸው ይችላል። የተቆለፈውን ሣጥንና መክፈቻውን ለአንድ ሰው አስረክቦ «እኔ ስፈቅድ ብቻ ክፈተው» እንደ ማለት ነው።

ስለሆነም የቅጂ መከላከያ የሚሸጠው ነገር ጊዜ ነው። ብዙው የጨዋታ ሽያጭ የሚከናወነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ ለአሳታሚው የጥቂት ወራት መዘግየት ይበቃዋል። አንዳንድ አሳታሚዎች ይህን ተረድተው ከወራት በኋላ መከላከያውን ከጨዋታቸው ላይ ያነሡታል። ብዙዎቹ ግን ትተውት ይሄዳሉ። የሻጩ ፍላጎት በወራት፣ የገዢው ፍላጎት በዓመታት ሲለካ ቁልፉ ዓላማውን ከጨረሰ በኋላም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ምስክሩ ሲሞት

በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ሴፍዲስክ የሚሠራበትን ድራይቨር አልተቀበለም። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ባወጣው የደኅንነት ማሻሻያ በቀደሙት ዊንዶውሶችም ላይ ድራይቨሩ እንዳይሠራ አደረገ። ድራይቨሩ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጥልቅ ክፍል ውስጥ የሚሠራና የደኅንነት ቀዳዳ የተገኘበት ስለነበር ውሳኔው ከደኅንነት አንጻር ትክክል ነበር። ይሁንና ሕጋዊ ዲስክ በእጃቸው የነበረ ገዢዎች ጨዋታቸውን ማስነሣት ተሳናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ «ፎልአውት 3» ነው። በ2008 የወጣው ይህ የሚና ጨዋታ «ጌምስ ፎር ዊንዶውስ ላይቭ» ከተባለ የማይክሮሶፍት አገልግሎት ጋር ተያይዞ ነበር። አገልግሎቱ እየተዳከመ ሲሄድ ጨዋታውን በአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ ማስነሣት ፈተና ሆነ። አሳታሚው በስቲም መደብር ከሚሸጠው እትም ላይ ይህን ጥገኝነት ያስወገደው በ2021፣ ማለትም ከ13 ዓመታት በኋላ ነው።

ችግሩ የሕግ ሰዎችንም አሳስቧል። በአሜሪካ በ1998 የወጣው ሕግ ዲጂታል ቁልፍን መስበር ከልክሎ ነበር። በ2015 ግን የማረጋገጫ ሰርቨራቸው የተዘጋባቸውን ጨዋታዎች በሕጋዊ መንገድ የገዙ ሰዎች እንደገና ሊያስነሷቸው እንዲችሉ ልዩ ፈቃድ ተሰጠ።

በአገራችንም ጉዳዩ ተጨማሪ ገጽታ አለው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ ኢትዮጵያ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በየ10 ቀኑ ሰርቨር የሚጠይቅ ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ምስክሩን ባጣ ነበር። ሙሉ በሙሉ በሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ፕሮግራም ግን መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል።

ከዋርሶ የመጣ ሐሳብ

ያለ ቁልፍ መሸጥ በስፋት የተሞከረው ቅጂ በበዛበት አገር መሆኑ ያስገርም ይሆናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፖላንድ የተቀዱ ፕሮግራሞች በገበያ በግልጽ ይሸጡ ነበር። ሶፍትዌርን የሚጠብቅ የቅጂ መብት ሕግ የወጣው በ1994 ሲሆን ሲዲ ፕሮጄክት የተባለው ኩባንያም በዚያው ዓመት በዋርሶ ተቋቋመ። ኩባንያው በ1999 ባለ 5 ሲዲውን «ባልዱርስ ጌት» የተባለ የሚና ጨዋታ በፖላንድ ሲያቀርብ ጽሑፉን ወደ ፖላንድኛ አስተረጎመ፤ ድምፁን በታወቁ ተዋንያን አስቀረጸ፤ ካርታና መጽሐፍ ጨምሮ በጥሩ ሣጥን ሸጠው። ከቅጂ ሻጩ ጋር የተወዳደረው ቅጂ ሻጩ ሊሰጥ የማይችለውን በመስጠት ነበር።

ይኸው ኩባንያ በ2008 ጎግ የተባለውን የኢንተርኔት መደብር ከፈተ። የመደብሩ ሥራ የቆዩ ጨዋታዎችን በአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ እንዲሠሩ አስተካክሎ ያለ ምንም የቅጂ መከላከያ መሸጥ ነበር፤ በኋላም አዳዲሶችን ጨመረ። በ2011 የኩባንያው የራሱ ሥራ የሆነው «ዘ ዊቸር 2» በሁለት መልክ ወጣ። በጎግ የተሸጠው ቁልፍ አልነበረውም፤ በዲስክ የተሸጠው ግን ሴኩሮም የተባለው መከላከያ ተገጥሞለት ነበር። ኩባንያው ብዙ ቀናት ሳይቆይ ባወጣው ማሻሻያ መከላከያውን ከዲስኩ እትም ላይም አነሣው። በ2015 የወጣው «ዘ ዊቸር 3»ም በጎግ ያለ ቁልፍ ተሸጧል፤ በጠቅላላው እስከ 2023 ድረስ ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። እርግጥ ከዚህ ቁጥር ውስጥ ብዙው የራሳቸው ቁልፍ ባላቸው የጨዋታ መሣሪያዎች ላይ የተሸጠ ስለሆነ ሙሉ ማስረጃ አይደለም። ያም ሆኖ ቁልፍ የሌለው እትም መኖሩ ሽያጩን እንዳልገደለው ያሳያል። በ2023 የወጣው «ባልዱርስ ጌት 3»ም በጎግ በዚሁ መንገድ ቀርቧል።

ፍለጋውና ሙከራው

ቁልፍ የሌላቸውን የሚና ጨዋታዎች ለማግኘት ከጎግ ሌላ በርካታ አነስተኛ ሠሪዎች ሥራቸውን የሚያቀርቡበት ኢች የተባለው መደብር አለ። በስቲም መደብር ቁልፍ መግጠምና አለመግጠም ለአሳታሚው የተተወ በመሆኑ እያንዳንዱን ጨዋታ ለየብቻ ማጣራት ያስፈልጋል። ፒሲ ጌሚንግ ዊኪ የተባለው የመረጃ ማኅደር አንድ ጨዋታ በየትኛው መደብር ምን ዓይነት መከላከያ እንዳለው በሠንጠረዥ ያሳያል። ገንዘብ ሳያወጡ መጀመር ለሚሹም አማራጭ አለ። ቤተስዳ የተባለው ኩባንያ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» ከተባለው ተከታታይ ሥራው የመጀመሪያውን በ2004፣ ሁለተኛውን በ2009 በነፃ ለቋል።

ይሁን እንጂ የሻጩን ቃል ብቻ አምኖ ከመቀበል መፈተን ይሻላል፤ ፈተናው ቀላል ነው።

1. የመጫኛ ፋይሉን አውርዶ በፍላሽ ዲስክ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ፤
2. ኢንተርኔቱን ሙሉ በሙሉ ማቋረጥ፤
3. ጨዋታው ተጭኖበት በማያውቅ ሌላ የራስ ኮምፒዩተር ላይ መጫንና ማስነሣት።

ጨዋታው ምንም ምስክር ሳይጠይቅ ከተነሣ ነፃ ነው። የሙከራው ቁም ነገር ሌላ ኮምፒዩተር መጠቀሙ ላይ ነው፤ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ተደብቆ ሊያታልለን ይችላልና።

ማከማቻም ይታሰብ። «ባልዱርስ ጌት 3» 150 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። ይህን ያህል መረጃ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚያደርስ መስመር ለማውረድ 240,000 ሰከንድ፣ ማለትም 67 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንዲህ የተለፋበት ፋይል ከዓመታት በኋላ ሳይበላሽ መቆየቱን ለማወቅ ሻ-256 የተባለውን ስሌት መጠቀም ይቻላል። ስሌቱ ማንኛውንም ፋይል ወደ 64 ምልክቶች አሻራ ይቀይራል፤ ከፋይሉ አንዲት ቢት ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ፋይሉ በወረደ ዕለት አሻራውን በማስታወሻ ጽፎ መያዝ በቂ ነው።

ቁልፍ የለውም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም

አንባብያን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በር ክፍት መሆኑ ቤቱን የማንም አያደርገውም። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችንም ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥራቸዋል። ቁልፍ የሌለውን ጨዋታ ገዝቶ በግቢው ላለ ሁሉ ማደል እምነቱን የጣለብንን ሠሪ መጉዳት ነው፤ ከዚህም በላይ ቀጣዩ ሥራ ተቆልፎ እንዲመጣ መጋበዝ ነው። በተጨማሪም በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚደረገው የጨዋታ ክፍል ያለ ሰርቨር ስለማይሠራ ቁልፍ አለመኖሩ ለዚያ ዋስትና አይሆንም።

እንግዲህ አንድን ጨዋታ፣ ይልቁንም ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመግዛታችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህ ፕሮግራም ለመነሣት የማንን ምስክርነት ይሻል? ያ ምስክር እስከ መቼ በሕይወት ይኖራል?» መልሱ «የማንንም አይሻም» ከሆነ የገዛነው በእርግጥ በእጃችን ነው። ካልሆነ ግን የከፈልነው ለኪራይ መሆኑን አውቀን እንክፈል።