ስፒከሩ ሲከፈት ወለሉ ለምን ይነዝራል?

በገጠር መንደር፣ ወለሉ ተደልድሎ የተመታ አፈር በሆነ ቤት ውስጥ ስፒከር ሲከፈት የሚንቀጠቀጠው ወለሉ አይደለም፤ ቆርቆሮው፣ የበሩ ሳንቃና ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ናቸው። እነዚህን የሚያናውጣቸው በአየር የሚሄደው ድምፅ ስለሆነ ስፒከሩ ሥር ምንም ቢነጠፍ አይፈይድም፤ የላላውን ሚስማር ፈልጎ መምታት ይሻላል። አፈር ግን ከባድ ነው፣ የደረሰበትን ንዝረት ውጦ ያስቀራል። ያው ስፒከር ኮንዶሚኒየም ላይ ሲወጣ ቤዙ ታች ላለው ጎረቤት ይደርሳል። ጣውላ ወለል ላይ ሲቀመጥማ ወለሉ ራሱ አብሮ ይዘፍናል።

ነገሩ የሚጀምረው ቤዙን ከሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል፣ ከኡፈሩ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ሰደፉ ትከሻን እንደሚገፋ፣ የኡፈሩ ወረቀት ወደፊት በተወረወረ ቁጥር ሳጥኑ ወደኋላ ይገፋል። ወረቀቱ 30 ግራም፣ ሳጥኑ 12 ኪሎ ቢመዝን፣ የሳጥኑ እንቅስቃሴ ከወረቀቱ 400 ጊዜ ያንሳል። ከባድ ሳጥን የሚመረጠው ለዚህ ነው። ይህች ጥቂት ንዝረት ግን በእግሮቹ ወርዳ ከወለሉ የራሱ ድግግሞሽ ጋር ስትገጥም ትጎላለች፤ ሬዞናንስ የሚባለው ይኸው ነው። ያን ጊዜ አንዷ የቤዝ ኖታ ታገሳለች፣ ሌሎቹ ይዋጣሉ። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳተማቸውን ሸክላዎች ዛሬም ለሚያጫውት ሰው ደግሞ ይብሳል፤ ንዝረቱ በጠረጴዛው በኩል ወደ መርፌው ተመልሶ እንደገና ይጎላል፣ ካልተያዘም ጩኸት ይሆናል።

ብዙ ሰው ሹል የብረት እግር ይገጥማል። ሹሉ እግር ሳጥኑ ምንጣፍ ላይ እንዳይወዛወዝ ይይዘዋል እንጂ ንዝረት አያግድም፤ እንዲያውም ሳጥኑን ከወለሉ ጋር ያጣብቀዋል። ምድር ቤት ላለ ሲሚንቶ ችግር የለውም፣ ለጣውላና ለፎቅ ግን አልመክረውም። እዚያ የሚፈለገው ለስላሳ ድጋፍ ነው።

ምን ያህል ለስላሳ ለሚለው ማስመሪያ ይበቃል። ስፒከሩ ሲጫነው ድጋፉ 1 ሚሊሜትር ከሰመጠ፣ ሳጥኑ በላዩ ሲነካ በሰከንድ 16 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል፤ 4 ሚሊሜትር ከሰመጠ 8 ጊዜ። ድጋፉ ንዝረት ማገድ የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር 1.4 እጥፍ በላይ ነው፤ ከዚያ በታች ምንም አያግድም፣ ቁጥሩ አካባቢማ ያባብሳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ (41 ሄርዝ) ስለምትነዝር፣ 4 ሚሊሜትር የሚሰምጥ ድጋፍ ላይ በደንብ ትታገዳለች። ጎማ ሲነዝር ከቆመበት ይልቅ ስለሚጠነክር ቁጥሩን ከፍ አድርጎ መገመት ነው። ስስና ደረቅ የጎማ ቁራጭ ብዙም የማይረዳው ስለማይሰምጥ ነው።

እኔ የምወደው መፍትሔ ከመነዳሪ ነው። ትንሽ የሳይክል ከመነዳሪ በከፊል ተነፍቶ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ በላዩ ከባድ ጣውላ፣ ከዚያ ስፒከሩ። በጣት ሲጫኑት የማይጎደጉድ ከሆነ አየሩ በዝቷል፣ ይተንፍስ። አየሩ ቀስ በቀስ ስለሚያመልጥ አልፎ አልፎ መንፋት ያስፈልጋል። ረጅም ስፒከር ላይ ግን አይሞከርም፤ ልጆች ባሉበት ቤት ሊወድቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዷ ኖታ አሁንም ካገሳች መዳፍን ወለሉ ላይ ማሳረፍ ነው። ወለሉ ጸጥ ካለ የሚያስተጋባው የክፍሉ አየር ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በድሬዳዋ ሙቀት 44 ሄርዝ ገደማ ላይ ያስተጋባል። ይህን ከመነዳሪም ሆነ ስፖንጅ አይነካውም፤ ስፒከሩን ከማዕዘን አርቆ፣ መቀመጫውም ከኋላው ግድግዳ ተጠግቶ ከነበረ ወደፊት ስቦ ደጋግሞ መስማት ነው።