በአገልግሎት ውስጥ የሚያድግ አመራር፦ የሴት መምህራን ማኅበርና የይፋት ቆላ



የዛሬው ንግግሬ ጥያቄ አንድ ነው። ሴት መምህራን በማኅበር ተደራጅተው የሚሰጡት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መሪዎችን የሚያፈራው መቼ ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ከድካሙ ጋር ውሳኔው፣ ገንዘቡና ተጠያቂነቱ አብረው ሲሰጧቸው ነው።

ነገሩን ከምናውቀው ከዕድር እንጀምር። ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ወንዶችና ሴቶች በጋራ በሚገኙባቸው ብዙ ዕድሮች ሴቶች ወጥ ይሠራሉ፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳሉ፤ መዝገቡና ገንዘቡ ግን በአብዛኛው በወንዶች እጅ ነው። ያችው ሴት በሴቶች ዕድር ውስጥ ሒሳብ ትይዛለች፣ መዋጮ ያላስገባችውን ትጠይቃለች፣ ቅሬታ ትሰማለች። ችሎታዋ በሁለቱም ቦታ አንድ ሲሆን የተለያየው የተሰጣት ድርሻ ነው።

በመምህራን ማኅበርም እንዲሁ ነው። አኒ ዌብ ብላንተን የተባሉት አሜሪካዊት መምህርት እ.ኤ.አ. በ1916 የቴክሳስ መምህራን ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1918 ደግሞ ለግዛቲቱ የትምህርት ኃላፊነት በሕዝብ ድምፅ ተመረጡ። ከመንግሥት ሹመት በፊት ማኅበር መርተው ነበር ማለት ነው። በ1929 ከ11 ባልደረቦቻቸው ጋር ዴልታ ካፓ ጋማ የተባለውን የሴት መምህራን ማኅበር መሠረቱ።

በአገራችን ትልቁ የትምህርት አገልግሎት በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መምህራንና ተማሪዎች ገጠር ድረስ ዘልቀው ፊደል አስቆጥረዋል፤ ዘመቻውም ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ይሁንና ጥሪውና መርሐ ግብሩ ከማዕከል የመጡ ነበሩ። እንዲህ ያለ ዘመቻ ብዙዎችን ያስተምራል፤ አንዲት መምህርት ችግሩን ራሷ ለይታ፣ ራሷ አቅዳ እንድትመራ ግን ሰፊ ቦታ አይተውላትም።

ይህን ቦታ በሸዋ ሮቢት እንዴት መፍጠር ይቻላል? ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ የማሽላና የማሾ አገር ናት። ማሽላው ሲያፈራ ልጆች ወፍ ጥበቃ ይወጣሉ፤ ወባ ሲነሣም ከክፍል ይቀራሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ድረስ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ አካባቢ ከትምህርት የራቀች ልጅ ተመልሳ ካልተደገፈች የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የመጨረሻዋ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የሴት መምህራን ማኅበር ለቀሩ ልጃገረዶች የማካካሻ ትምህርት ይጀምር እንበል። በመጀመሪያ አስተባባሪዋ እናቶችን ራሷ ትጠይቅ፤ ልጅቱ በየትኛው ሰዓት ከቤት ሥራ ነፃ እንደምትሆን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ሁለተኛ፣ ትንሽም ቢሆን የራሷ በጀት ይኑራት፤ ደብተር ይቅደም ወይስ የመብራት ወጪ የሚለውን እርሷ ትወስን። ሦስተኛ፣ በወሰነ ትምህርት መጨረሻ በወላጆች ፊት ቆማ የተሳካውንም ያልተሳካውንም ትናገር። አራተኛ፣ ኃላፊነቱን ለሌላ መምህርት አስረክባ ለአንድ ወሰነ ትምህርት አማካሪ ትሁን። ሙስሊምና ክርስቲያን በጉርብትና በሚኖሩበት በይፋት፣ ርክክቡ የሁለቱንም ወገን መምህራን ሲያካትት ማኅበሩ የሁሉም ቤት ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መምህርቷ ከክፍል ወጥታ የሚጠብቃት የቤት ሥራ ብዙ ነው። አገልግሎቱ በዚያ ላይ የሚጫን ሌላ ሸክም ከሆነ አቅም ያላቸው ሴቶች ቀድመው ይሸሻሉ። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ከሳምንታዊ ክፍለ ጊዜዋ ጥቂት ቢቀንስላት፣ ሥራዋም በደረጃ ዕድገት ጊዜ ቢታይላት ተገቢ ነው።

የእንዲህ ያለ ፕሮጀክት ውጤት ሲመዘን ፈተና ያለፉትን ልጆች መቁጠር ያስፈልጋል። ከዚያ ጋር ግን፣ ቀጣዩን ሥራ ማንም ሳያዛቸው መጀመር የሚችሉ ስንት መምህራን እንደተገኙም እንጠይቅ። ለምርምር ወደ ይፋት የምትወርዱ ተማሪዎቻችን ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በመጠይቃችሁ ውስጥ እንድታካትቱት አደራ እላለሁ።