ለዒላማ የምትሆን የመጀመሪያ ሽጉጥ

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ የአንድ ቱርካዊ ፎቶግራፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ሰነበተ፤ የፒያሳ ማኪያቶ ቤቶችም አልቀረላቸውም። ሰውየው ዩሱፍ ዲኬች ይባላል። ያኔ የ51 ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ ተራ መነጽሩን አድርጎ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከቶ፣ በቀኙ ሽጉጥ ዘርግቶ ቆሟል። በፓሪስ ኦሊምፒክ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ፣ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር ተጣምሮ የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ሰው ሁሉ የወደደለት ግድ የለሽ መምሰሉን ነው። እጅን ኪስ መክተት ግን በዚህ ስፖርት የዘወትር ነገር ነው፤ ደንቡ በአንድ እጅ ብቻ ተኩሱ ስለሚል ሌላው እጅ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አለበት። ይልቅ የሚገርመው ሌላ ነው። አብዛኞቹ ተኳሾች ዓይናቸው ላይ የሚደረድሩት ልዩ ሌንስና መጋረጃ እሱ ዘንድ አልነበረም፤ ሁለቱንም ዓይኖቹን ከፍቶ ነው የሚያነጣጥረው።

ፎቶውን አይቶ «እኔም ብሞክረውስ?» ያለ ሰው ጥቂት አይመስለኝም፤ በተለይ ክለብ በቅርብ ከሚያገኙት ከውጭ አገር ነዋሪዎቻችን መካከል። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው።

አራዳ ለጠመንጃ ባዕድ አይደለም። በምኒልክ ዘመን በጊዮርጊስ አጠገብ በነበረው ገበያ የወጅግራ ጥይት ከአሞሌና ከማርትሬዛ ብር ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። ስናድር፣ ወጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እያልን በስም የምንጠራቸው መሣሪያዎች ሁሉ የተወደዱት ከሩቅ በመምታታቸውና ለባለቤታቸው በጨመሩለት ክብር ነው። በዚያ ዓይን ሽጉጥ ሊመርጥ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከባድ፣ ጯኺና የሚራገጥ ነገር ይዞ ይመለሳል። የዒላማ ሽጉጥ ግን ኃይሏ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከአፈሙዟ የምትወጣው 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ ግማሽ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ጫፏ ዝርግ የሆነ የእርሳስ ጥይት ናት። ጫፏ ዝርግ የሆነበት ምክንያትም ወረቀቱን ሳትቦጭቅ ክብ አድርጋ እንድትበሳው ነው፤ ነጥብ ቆጣሪ እንዳይጨቃጨቅ።

ወረቀቱ ላይ ያለችው አሥር ቁጥር ክብ ወርዷ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጥቁሩ ክፍል በሙሉ 59.5 ሚሊ ሜትር ነው። ውድድሩ 60 ተኩስ ሲሆን የተሰጠው ጊዜ 75 ደቂቃ ነው፤ ሁሉንም አሥር የመታ 600 ያገኛል። ጀማሪ ሁሉ የሚፈራው የእጁን መንቀጥቀጥ ነው፤ የሚጥለው ግን መንቀጥቀጡ አይደለም። ክንድህ እንዳለ ወደ ጎን አምስት ሚሊ ሜትር ቢሄድና የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ እንደተስተካከሉ ቢቆዩ ጥይቷም አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ትስታለች፤ አሁንም አሥር ነህ። የእጅ አንጓህ ታጥፎ የፊቱ ማነጣጠሪያ ከኋላው መሐል አንድ ሚሊ ሜትር ቢወጣስ? በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሜትር ላይ ስትደርስ ወደ 29 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ሰባት! አሰልጣኞች «ወረቀቱን ተወው፣ የፊቱን ማነጣጠሪያ እይ» እያሉ የሚጮኹት ለዚህ ነው። ዒላማው ብዥ ይበል፤ ማነጣጠሪያው ግን ጥርት ብሎ መታየት አለበት።

እንግዲህ ምርጫው ከዚህ ይጀምራል። የእጅ አንጓን የሚያጥፈው ምንድን ነው? ሁለት ነገር፤ የማይስማማ እጀታና ክፉ ቃታ።

እጀታው ከእንጨት የተፈለፈለ ነው፤ በቁጥር ይሸጣል፤ ለቀኝና ለግራኝም ለየብቻ ይሠራል። ዓይንህን ጨፍነህ ሽጉጧን ያዝ፣ ክንድህን ዘርጋ፣ ከዚያ ግለጥ። ማነጣጠሪያዎቹ ሳትነካካቸው ተሰልፈው ካገኘሃቸው እጀታው ያንተ ነው። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው ከጠበቁህ በእንጨት ሞረድ ካልተስተካከለ በቀር ዕድሜህን ሙሉ በአንጓህ ስትታገል ትኖራለህ። የክለብ ሰዎች እጀታቸውን ሞርደው፣ የጎደለውን በእንጨት ማጣበቂያ ሞልተው ሲያበላሹት ብታይ አትደንግጥ፤ ይህ የተለመደ ነው። ደንቡ የማይፈቅደው እጀታው አንጓን እንዲደግፍ ነው። ቀኝ እጄ ብቻ ነው የሚታዘዘኝ የሚል ካለ ሀንጋሪያዊውን ካሮሊ ታካችን ያስታውስ። በ1938 እ.ኤ.አ. ቦምብ ቀኝ እጁን አበላሸበት፤ በግራው እንደገና ተማረና በ1948 ለንደን፣ በ1952 ሄልሲንኪ በሽጉጥ የፈጣን ተኩስ ወርቅ ወሰደ።

ቃታው በደንቡ ከ500 ግራም ባነሰ ጉልበት መሳብ የለበትም። ዳኞች ከውድድር በፊት ሽጉጧን አፈሙዟን ወደ ላይ አድርገው የግማሽ ኪሎ ክብደት ቃታው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ካላነሳችው አለፈች ማለት አይደለም፣ ወደቀች። የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ሚዛን እንኳ እንዲህ አያስጨንቅም። ለጀማሪ ዋናው ቁጥሩ አይደለም። ቃታው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ ሳይንገጫገጭ መልቀቁ ነው። ሽጉጧ ከነሁሉ ነገሯ 1,500 ግራም ማለፍ የለባትም፤ ቀለል ብላ ብትጀምር ይሻላል፣ ክብደት በኋላም ይጨመራል።

ጥይቷን ስለሚገፋው አየር አሳጥራለሁ። የዛሬ ሻምፒዮኖች ሁሉ ማለት ይቻላል የታመቀ አየር የተሞላ ሲሊንደር ያላት ሽጉጥ ይይዛሉ፤ ስቴየር፣ ሞሪኒ፣ ዋልተር፣ ፓርዲኒ፣ ፋይንቬርክባው። አዲስ ከሆነች ዋጋዋ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 ዩሮ በላይ ነው። በርካሽ መጀመር ለሚፈልግ በእጅ ማንሻ አንድ ጊዜ ተስባ አየር የምትይዝ ዓይነት አለች። የሩሲያዋ ባይካል አይዜድኤች 46 ኤም ለብዙ ጀማሪ መምህርት ሆናለች፤ የተሠራችውም ክላሽ በሚሠራባት በዚያችው በኢዥቭስክ ከተማ ነው። ችግሯ ማንሻው ነው፤ 60 ጊዜ ስትጎትት ክንድህ ይዝላል፣ የዛለ ክንድ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። እኔ ብጠየቅ ያገለገለች ባለ ሲሊንደር እመርጣለሁ፤ ሲሊንደሩ ላይ የተመታውን ቀን ግን ሳላነብ ብር አልቆጥርም። ብዙዎቹ ሲሊንደሮች አሥር ዓመት ነው የሚፈቀድላቸው፤ ካለፈባቸው ርካሹ ዕቃ ርካሽ አይሆንም።

ከሁሉም በፊት ግን አለመግዛት ነው። አብዛኛው ክለብ የጋራ ሽጉጥ አለው፤ የአንድ ወቅት ያህል በእሱ ተኩስ። አፈሙዝ ወደ ዒላማው ብቻ፣ ጣት ከቃታ ውጭ፣ ተኩስ ሲቆም ደማቅ የደህንነት ክር በአፈሙዙ ውስጥ፣ ስትጨርስ ደግሞ እርሳስ የነካ እጅህን መታጠብ፤ ይህን መጀመሪያ ያለማምዱሃል።

የምትኖርበት አገር ሕግም ምርጫህን ያጠብበዋል። ጀርመን ውስጥ ከ7.5 ጁል በታች የሆነችና ይህን የሚያሳይ ምልክት የታተመባት የአየር ሽጉጥ 18 ዓመት ለሞላው ያለ ፈቃድ ትሸጣለች። ብሪታንያ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባሩድ ሽጉጦችን ከሞላ ጎደል ስለከለከለች የለንደኑ ጀማሪ መንገዱ አየር ነው። በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያለው የእኛ ሰው ደግሞ በክለቡ በብዛት የሚያገኘው 5.6 ሚሊ ሜትሯን ባለ ባሩድ ነው፤ እሷን ለመግዛት ሜሪላንድ አሻራና ሥልጠና ያለበት ቅድመ ፈቃድ ትጠይቃለች። እዚያም ቢሆን መጀመሪያ አሥር ሜትር ላይ በአየር ብትማር ይሻልሃል። ባሩድ ጩኸቱና ግፊቱ ስህተትህን ይሸፍንብሃል።

ለእረፍት ስትመጣ ሻንጣ ውስጥ ጨምረሃት ቦሌ እንዳትወርድ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ማስገባትንም ይከለክላል፤ «የስፖርት ናት» እያሉ ጉምሩክ ፊት መከራከር አያዋጣም። አዲስ አበባ ሆኖ ማነጣጠር ያማረው ዳርት አለለት፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በሠራተኞች ውድድሮቹ ከዳማና ከከረንቡላ ጋር ያወዳድርበታል። የሰሌዳው መሐል ቀዩ ነጥብ ወርዱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሽጉጡ አሥር ቁጥር ብዙም አይሰፋም፤ ርቀቱ ግን 2.37 ሜትር ብቻ ነው።