ዶሮዋ በምን ሞተች?

ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ጓሮ ያለው ቤት የገዛ አበሻ ጎመኑንና ጤና አዳሙን ከተከለ በኋላ ዓይኑ ወደ ዶሮ ይዞራል። ዳላስ ከተማ አውራውን ትከለክላለች እንጂ ሴቷን ትፈቅዳለች፤ የዙሪያዋ ከተሞች ደንብ ግን ለየቅል ነውና አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ጫጩት በፀደይ ወራት ከእርሻ ዕቃ መደብር ይገዛል፣ ልጆች ስም ያወጡለታል፣ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል። አገር ቤት ሞታ የተገኘች ዶሮ ተጥላ ትረሳለች። ስም የወጣላት ዶሮ ግን ትናንት እህሏን ስትለቅም ውላ ዛሬ ጠዋት ከቆጡ ሥር ተዘርራ ስትገኝ፣ «ለዶሮም ይለቀሳል እንዴ?» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ልጆቹ ምክንያት ይጠይቃሉ። አባት ጎረቤቱ የረጨውን መድኃኒት ይጠረጥራል፣ እናት ትናንት የበተነችውን ፍርፋሪ ታስባለች፣ አያት በቤቱ ካሉ ደግሞ «ዓይን ነው» ብለው ይዘጉታል።

ቴክሳስ ውስጥ ይህን ጥያቄ መመለስ ሥራዬ ብሎ የያዘ ተቋም አለ፤ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የእንስሳት ሕክምና ምርመራ ላብራቶሪ ይባላል። በ1967 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የተቋቋመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኮሌጅ ስቴሽን ሲሆን ከዳላስ በመኪና የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በስተ ሰሜን ካንየን ላይ ሌላ ቅርንጫፍ አለው። ሴንተርና ጎንዛሌስ በተባሉት ትንንሽ ከተሞች ያሉት ሁለቱ ቅርንጫፎች ደግሞ በተለይ የዶሮ ናቸው፤ የቴክሳስን ግዙፍ የዶሮ ኢንዱስትሪ ያገለግላሉ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዶሮ ያለው ኩባንያ በሚመረመርበት ጠረጴዛ ላይ አራት ዶሮ ያለው ሰውም ይስተናገዳል። ምርመራው በክፍያ ነው፤ ዋጋውን ከመላክ በፊት ደውሎ መጠየቅ ነው።

ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ የምታውቅ ሴት እዚያ በድን የሚመረምረውን ሐኪም፣ የፓቶሎጂስቱን፣ ሥራ እኩሌታ ታውቀዋለች ማለት ይቻላል። እሱም ክንፍና እግሩን ፈታ አድርጎ፣ ቆዳውን ገፎ፣ ደረቱን ከፍቶ ይጀምራል፤ ልዩነቱ የእሱ ዓይን ያረፈው እኛ አጥበን በምንጥለው ነገር ላይ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ከሚያያቸው አንዱ ጉበት ነው። ጤነኛ ጉበት ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጠርዙ ስል፣ ሲነካ ጠንከር ያለ ነው። የተነፋ፣ ቢጫ የሆነና በጣት ሲጫን የሚፈረፈር ከሆነ፣ ሆድ ውስጥም የረጋ ደም ከተገኘ፣ ጉበቷ በስብ ተወጥሮ በመፈንዳቱ ደሟ ሆዷ ውስጥ ፈሶ ሞታለች ማለት ነው። እንዲህ የምትሞተው ብዙውን ጊዜ የደላት፣ የወፈረች፣ በደንብ የምትጥል ዶሮ ናት። ከውጭ የሚታየው ምልክት በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ መገርጣቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። በቆሎና የእራት ትራፊ እያበዙ ማብላት ፍቅር ቢመስልም ወደዚህ የሚያደርስ አንዱ መንገድ ነው።

ሌላው ምክንያት እንቁላሉ ራሱ ነው። የዶሮ ሁሉ ዘር ግንድ የሆነችው የእስያ የጫካ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ10 እስከ 15 ያህል ነው፤ የዛሬዋ ፈረንጅ ዶሮ ከ250 በላይ ትጥላለች። ይህን ሁሉ ስታመርት አስኳል ከቱቦው ስቶ ሆዷ ውስጥ ሊወድቅና ሊያመረቅዝ፣ ወይም እንቁላል መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ከዚያ ደግሞ ማሬክ አለ፤ ሀንጋሪያዊው የእንስሳት ሐኪም ዮዜፍ ማሬክ በ1907 የገለጸው፣ ነርቭን የሚያሰንፍና ዕጢ የሚያበቅል የቫይረስ በሽታ ነው። ክትባቱ የሚሰጠው ጫጩቱ በተፈለፈለበት ዕለት መፈልፈያው ውስጥ ስለሆነ፣ ሲገዙ «ተከትቧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

የዳላስ ሙቀት ግን ብቻውን የሚነገር ጉዳይ ነው። በ2011 የበጋ ወራት ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነባቸው ቀናት 71 ነበሩ። ዶሮ የላብ ዕጢ የላትም፤ በዋናነት የምትቀዘቅዘው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። ሙቀት የገደላት ዶሮ ሆዷ ቢከፈትም ይህ ነው የሚባል ማስረጃ ላይገኝባት ይችላል። ስለዚህ ከበድኑ ጋር የሚላከው ቅጽ ላይ የሚጻፈው፣ ማለትም ዕድሜዋ፣ መኖዋ፣ የዕለቱ ሙቀት፣ ውኃው የነበረበት ቦታ፣ የሌሎቹ ዶሮዎች ሁኔታ፣ ከቢላዋው እኩል ይሠራል።

እኛ ዶሮ ድንገት ሲሞት ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ፈንግል ነው። አገር ቤት መንደር ሙሉ ዶሮ የሚፈጀው፣ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ክትባት የሚያመርትለት፣ ፈረንጆቹ ኒውካስል የሚሉት በሽታ ነው። ገዳዩ ዓይነት አሜሪካ ውስጥ ብቅ ያለባቸው ጊዜያት ቢኖሩም የዳላስ ጓሮ የዘወትር ገዳይ አይደለም። አሁን የሚያሳስበው የወፍ ጉንፋን ነው። በ2022 ሚያዝያ ወር ከፎርት ዎርዝ ደቡብ ምዕራብ ባለችው ኢራዝ ካውንቲ አንድ የንግድ እርባታ ውስጥ ተገኝቷል። ላብራቶሪው እሱን የሚለየው በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም በለመድነው ፒሲአር ነው።

በድኑን ለመላክ ዋናው ነገር ፍጥነትና ቅዝቃዜ ነው። ላባ ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይ በቴክሳስ በጋ ሆድ ዕቃው በጥቂት ሰዓታት ይበላሻል። ጓንት አድርገው ሁለት ፌስታል ውስጥ ያስገቡና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከምግብ ይለዩት። ፍሪዘር ውስጥ ግን አይክተቱት፤ በረዶው ሴሎቹን ስለሚሰባብር በማይክሮስኮፕ የሚታየው ነገር ይበላሻል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይድረስ፤ ዓርብ የተላከ ዕቃ ቅዳሜና እሑድ መንገድ ላይ ያድራል። በዓይን የታየው ውጤት ቶሎ ሲነገር፣ የባክቴሪያውና ፎርማሊን ውስጥ የሚገባው ሥጋ ምርመራ ቀናት ይወስዳል።

ምርመራው ሁልጊዜ መልስ አይሰጥም። ሆኖም «ተላላፊ አይደለም» የሚለው ብቻውን ለቀሩት ዶሮዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ለልጆቹም «እናንተ አይደላችሁም» ለማለት ያስችላል። እኔ ገንዘቡ አያስቆጭም ባይ ነኝ።

አንዷ ሞታ ሌሎቹ እየበሉ ከሆነ ጊዜ አለዎት። ሁለት ሦስት በተከታታይ ከሞቱ፣ ወይም የተረፉት ካበጡና ካስነጠሳቸው ግን በድኑን አይክፈቱ፣ ለማንም ዶሮ አይስጡ፣ አይሽጡም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የታመሙ ወፎች መስመር 866-536-7593 ነው፤ ይደውሉ።