የጅራታም ኮከብ ሽክርክሪት እንዴት ይለካል?

በብዙ ሕዝቦች ልማድ የጅራታም ኮከብ መታየት የጦርነት ወይም የንጉሥ ሞት ምልክት ነበር። ለሥነ ፈለክ ጠበብት ግን ጅራታም ኮከብ ከበረዶና ከአቧራ የተሠራ አካል ነው። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ሳይቀልጥ ወደ ጋዝነት ይለወጣል፤ አቧራውንም ጠርጎ ይወጣል። የሚደምቀውም ስለዚህ ነው።

አስኳሉ በዚሁ ጋዝና አቧራ ስለሚሸፈን ሲሽከረከር በቀጥታ አይታይም። ስለሆነም የብርሃኑ መጨመርና መቀነስ፣ እንዲሁም የጋዙ አወጣጥ አቅጣጫ በየሰዓቱ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ1997 በዳላስና በፎርት ዎርዝ የምሽት ሰማይ በዐይን ብቻ ይታይ የነበረው ሄል ቦፕ አንድ ዙር የሚያጠናቅቀው በ11.3 ሰዓት ገደማ መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

የሚወጣው ጋዝ እንደ ሮኬት ስለሚገፋ ሽክርክሪቱን ሊያፈጥን ወይም ሊገታ ይችላል። ተትል ጃኮቢኒ ክሬሳክ የተባለው ጅራታም ኮከብ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 በ20 ሰዓት ይዞር ነበር፤ በሜይ ግን ከ46 ሰዓት በላይ ወሰደበት።

እንዲህ ላለ ዙር የአንድ ሥፍራ ሌሊት አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው የእንጦጦ መመልከቻ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። በዳላስና በእንጦጦ መካከል እንደ ወራቱ የ8 ወይም የ9 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ እዚያ ሊነጋ ሲቃረብ እዚህ ይመሻል። በስደት ያለን መምህራንና በአገር ቤት ያሉ ወጣት ተመራማሪዎች መዛግብታችንን ብናጋጥም፣ ለየብቻ ጎዶሎ የሆነው ልኬት ይሟላል።